የሐምሌ ሃያ ሁለቱ ሚስማር

ኅዳር 4 ቀን

ለታናሼ፣ ለሚጡዬ፤

አሰላሙ አለይኩም። የራሴን ጤና ወደ ኋላ ላድርገውና ከጎረቤቴ ልጀምር። ከቦርሳ ሰፊው ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱ እዚያ ሲያስነጥስ እኔ እዚህ ሆኜ ይማርህ እላለሁ። ሰውዬው ቀኝ እጁ እያስቸገረው ነው። ሕመም ስልሽ ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፤ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ይበላል፣ ይስቃል፣ ይቀልዳል፤ ሻይ ሲያነሳ ግን ብርጭቆውና ሳህኑ ወሬ ይጀምራሉ። ሚስቱ "ብርድ ነው" ትላለች። በዚህ ሙቀት የምን ብርድ እንደሆነ እሷ ትወቅ። ትልቋ ልጃቸው ክረምት ላይ ተመርቃ እስካሁን ሥራ አላገኘችም፤ ምስክር ወረቀቷን በፕላስቲክ ሸፍና ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች። ሁሉም ሰላም ብለውሻል።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መልስ ያዘገየሁት ጠልቼሽ አይደለም፤ ዓይኔ ነው። ክረምት ላይ አንቺ ዘንድ ታክሜ ስመለስ የሰጡኝ ጠብታ አልቋል። አሁን መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት በሬን ከፍቼ አላፊ አግዳሚውን እለምናለሁ። ትናንት የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ሁለት መርፌ ክር አስገብቶልኝ ነው የሄደው።

ሥራው እንዴት ነው ላልሽኝ፣ የአንቺው ባንክ ገንዘብ ሆኖ ሳለ እኔን መጠየቅሽ አሳቀኝ። ቆዳው መስከረም ላይ በጭነት መኪና መጣ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቡኒ፣ ጣራው ድረስ ተደርድሯል። የእኔ ልብስ ሳይቀር ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ሰው ጫማውን ያያል። እኔ እንደ ድሮዬ የቦርሳውን ገበር ነው የምሰፋው። ባለፈው ሳምንት ሚስትየዋ አርባ ገበር መለሰችብኝ፣ "ስፌቱ ቀጥ አላለም" ብላ። እሷ መቼም ቀጥ ያለ ነገር ነፍሷ ነው። ዋጥ አድርጌ ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት፤ ምን አደርጋለሁ።

የእጁ ነገር ዛሬ የጀመረ እንዳይመስልሽ። ልጅቷ በተመረቀች ማግስት ፎቶዋን ሊሰቅል ወንበር ላይ ወጣ። አንዴ ሰነዘረ፣ ሚስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን አገኘው። ሁለተኛ ሰነዘረ፣ ግድግዳውን ቦደሰው። ሦስተኛ ሊሰነዝር ሲል ሚስቱ መዶሻውን ነጥቃ "ውረድ፣ ቤቱን ሳታፈርስብኝ" አለችው፤ ራሷ ወጥታ በአንድ ምት ቀረቀረችው። ወላሂ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሳቄን ለማፈን መሐረቤን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።

በይ ዓይኔ ደከመ። ራስሽን ጠብቂ፣ ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ።

እህትሽ፣ ባለ ገበሯ


ኅዳር 21 ቀን

ለሚጡዬ፤

እኔ ሁለት መስመር ወሬ ብጽፍ አንቺ ሁለት ገጽ ጥያቄ ላክሽብኝ። ከልጅነትሽም እንዲሁ ነበርሽ። ተረት ሲነገርሽ ሌላው ልጅ ይፈራል፣ አንቺ "ጅቡ ስንት ዓመቱ ነው?" ትያለሽ።

ቀኑ ሐምሌ ሃያ ሁለት ነው። እንዴት አወቅሽ እንዳትዪኝ፣ ስለ አንቺ ብዬ ሌብነት ሠርቻለሁ። በቀደም ገበር ላስረክብ ስገባ ማንም አልነበረም፤ ፎቶውን ከሚስማሩ አውርጄ ጀርባውን አየሁት። አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ነው ያነበብኩት። "ሐምሌ ሃያ አንድ ተመረቅሁ" ይላል በልጅቷ እጅ። የሰቀሉት በማግስቱ ነው። ባንኩ ጋ የተፈራረሙት ደግሞ መስከረም ስምንት ነው፤ ያን ቀን ከረሜላ ስላደሉን አይጠፋኝም። ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል ወይ የምትዪኝ ከሆነ እንግዲህ አዎ፣ ይቀድማል፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ።

ሐኪም አልሄደም። ሚስቱ በዘይት ታሽለታለች። ሰው ፊት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ለሰላምታ ግራውን ይሰጣል፣ ኩራት ደርሶበት ነው ብለው ያሙታል።

ቆዳውን አሁን ማን ነው የሚቆርጠው ያልሽኝን እለፊው። የመቁረጫው ክፍል መጋረጃ አለው። ከመጋረጃው ጀርባ የማውቀውን ለማንም ላልናገር ለሚስትየዋ ቃል ሰጥቻለሁ። ወሬኛ እባላለሁ እንጂ ቃል በላ ተብዬ አላውቅም። አርባ ገበር ብትመልስብኝም ቃሌ ቃል ነው።

የሚስማሩን ታሪክ ለብቻው በንጹሕ ወረቀት ጽፈሽ ፈርመሽ ላኪልኝ ያልሽውን ይኸው አጥፌ ከተትኩልሽ። የቢሮ ጓደኞችሽን ልታስቂበት መስሎኝ ትንሽ አሳምሬዋለሁ። ቀኑንም ጽፌያለሁ። እዚያም ላይ ወላሂ ብያለሁ፤ መቼም እኔ ወላሂን እንደ ጨው ነው ነገር ላይ የምነሰንሰው። እናታችን በዚህ ጉዳይ ስንቴ አፌን ብላኛለች።

ለምን እንደፈለግሽው ግን ጻፊልኝ። ስቀሽ ብቻ እንዳትተዪኝ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 6 ቀን

ለእታለም፤

ወአለይኩም አሰላም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚደርስሽ መነጽር ነው። ክረምት ላይ ያየሽ ሐኪም በለካው ልክ አሠርቼዋለሁ፤ ማሰሪያ አለው፣ አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪው። ዋጋውን እንዳትጠይቂኝ። የእኔ እህት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ እየለመነች መስፋት የለባትም።

ከወረቀቱ በኋላ ለላክሻቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ያልሰጠሁሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ይቅር በዪኝ። "ይጎዳዋል ወይ?" ብለሽ ሁለቴ ጽፈሻል። እንዳትጨነቂ ነገሩን ላስረዳሽ።

እኛ አናበድርም፤ ወለድ አንበላም። ከሰውዬው ጋር የገባነው ሽርክና ነው። ቆዳው፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ የሰፊዎቹ ደመወዝ ከእኛ፤ ዕውቀቱ ከእሱ። ትርፍ ሲመጣ ከአሥር ስድስቱ የእኛ፣ አራቱ የእሱ ነው። ኪሳራ ከመጣ የሚከስረው ባለ ገንዘቡ ነው፤ እሱ ላቡን ብቻ ይከስራል። በዚህ ነው ከሌላው ባንክ የምንለየው፣ የምንኮራበትም። አንድ በር ብቻ አለች። ሰውዬው ሲፈርም የደበቀው ነገር ከተገኘ ኪሳራው ወደ እሱ ይዞራል።

አለቃችን ስብሰባ ሲከፍት ሁሌ የሚላት ነገር አለች። ባንክን የሚያተርፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕውቀት፣ ሌላው ሳይተኛ የሚዞር የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ። ዕውቀቱ ሲደክም ገንዘቡ ቆዳ ሆኖ ይተኛል፤ የተኛ ገንዘብ ደግሞ ሬሳ ነው፣ ይላል። ዘንድሮ የቦርሳ ገበያ ወድቋል፤ ያ ሁሉ ቆዳ ጣራ ነክቶ ተኝቷል። ይህን ሽርክና አጥንቶ "ይግባ" ያለው የእኔ ክፍል ነው። ኪሳራው በእኛ ስም ከተጻፈ ክፍሉ ይዘጋል፤ ስድስት ሰው ነን።

ስለዚህ የነገርሽኝ ነገር ትንሽ አይደለም። የሃይማኖት አዋቂዎቻችን ወረቀትሽን አይተው ወላሂ ያልሽበትን ቦታ አሰመሩበት። መሐላ ነው፣ ለእነሱ ከፊርማም ከማኅተምም ይበልጣል።

ይጎዳዋል ወይ ላልሽው፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው። ካልደበቀ ምንም አይሆንም። ስምሽ ተሸፍኗል፤ "አንድ ምስክር" ነው የሚለው።

መነጽሩን ስታደርጊ መጀመሪያ ያዞርሻል፣ ትለምጂዋለሽ።

ሚጡሽ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለሚጡዬ፤

መነጽሩ ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥሽ። አሁን ሁሉንም አያለሁ። ከአርባው ገበር እኔ ዘንድ የቀረውን አወጣሁና አየሁት፤ እንደ እባብ ነው የሄደው። ሚስትየዋ እውነቷን ነበር።

ሰዎቻችሁ ረቡዕ መጡ፤ ሦስት ናቸው። አንዱ ቀጭን ነው፣ ፋይል የያዘ፣ ሲናገር ጉሮሮውን የሚጠርግ። እኔ ቤቴ ነበርኩ፣ ግድግዳው ጋ። ምን እንዳሉ ጥርት ብሎ አይሰማም፣ ይህን የነገረችኝ ሚስትየዋ ናት፤ እነሱ እንደሄዱ መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ቀጭኑ ወረቀት አውጥቶ "ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን ሚስማር መምታት እንዳቃተህ በዓይኑ ያየ ምስክር አለ" አለው አሉ። ባልየው ሳቀ። "የቱ ሚስማር?" አለ። ፎቶውን አሳዩት። "ወንበሩ አንካሳ ነው እኮ፣ ቁጭ በልበትና እየው" አለው። ቀጭኑም ተቀመጠበት፤ ዘመመበት። ግን ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና "እሱ ዛሬ ነው የዘመመው" አለው። ከዚያ ስምህን አምስት ጊዜ ጻፍ አሉት። ጻፈ። አምስቱም ስም የአምስት ሰው ይመስላል አለችኝ፤ ይህን ስትነግረኝ ነው ያለቀሰችው።

ሚጡዬ፣ አሁን የምጽፍልሽን ቆመሽ አንብቢው። የሚስማሩን ነገር እኔ አላየሁም። ትንሿ ልጅ ናት ያወራችልኝ፤ እዚሁ ምንጣፌ ላይ ቆማ፣ የአባቷን ነገር እየሠራች፣ ጣቷን እየጠባች። በጣም ስላሳቀችኝ ያየሁት ያህል ሆነብኝ። መቼ እንዳወራችልኝ እንኳ ጠፍቶብኛል። ወሬ ስጽፍልሽ "ሰማሁ" ካልኩ አይጥመኝም፤ "አየሁ" ሲባል ነው ሞቅ የሚለው። መሐረቡንም እኔ ነኝ የጨመርኩት። ወንበሩ እውነትም አንካሳ ነው፤ እዚያ ስቀመጥ ካርቶን አጥፌ እግሩ ሥር የምሸጉጠው እኔ ራሴ ነኝ። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው፣ ከረሜላውን ከበላን ከወር በኋላ። ይህን በመነጽርም ያለ መነጽርም አይቻለሁ።

ቃሌንም ልብላው፣ ይኸው በላሁት። ከመጋረጃው ጀርባ የምትቆርጠው ሚስቱ ናት። መቁረጥ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ወገቡን ካመመው ጀምሮ እሱ ከሰው ይደራደራል፣ ቆዳ ይመርጣል፣ ይቀልዳል፤ ቢላዋው የእሷ ነው። አንድ ቆዳ ዘርግታ ዝም ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ ሌላው ሰባት ቦርሳ የሚያወጣበትን ዘጠኝ ታወጣበታለች። የሚጣለው ቁርጥራጭ መዳፍ አይሞላም። ደንበኛ "ሴት ቆረጠችው" ካለ ዋጋ ይሰብራል ብላ ነው የምትደብቀው። ስለዚህ ለአለቃሽ ንገሪልኝ፤ ዕውቀቱ አልደከመም፣ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ እየሠራ ነው። የደከመው ገበያው ነው።

ወረቀቴን መልሺልኝ። የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፣ እኔው ልቅደደው።

እህትሽ


ጥር 9 ቀን

ለእታለም፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤሽን ቆሜ አንብቤዋለሁ፣ ተቀምጬም አንብቤዋለሁ።

ወረቀቱ የእኔ አይደለም። መዝገብ ገብቷል፤ ቁጥር ተሰጥቶታል። አሁን ልውሰደው ብል የሚጠየቀው ወረቀቱን ያቀረበው ሰው ነው፤ ያቀረብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እህትሽን ውሸታም አሰኝተሽ ጎረቤትሽን ማዳን የምትፈልጊ አይመስለኝም። ያላየሽውን አየሁ ብለሽ ከሆነ ይህ በአንቺና በአላህ መካከል ነው፤ እኔ መሐል አልገባም።

ስለ ሚስትየዋ የጻፍሽውን ለአለቃዬ ማሳየት ግዴታዬ ነበር። አንብቦ "ይህ ጥሩ ነው" አለኝ። እታለም፣ በኅዳር ስጠይቅሽ ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ ለእነሱ መልካም ይሆን ነበር፤ ውሉን በእሷ ስም አድርገን መቀጠል እንችል ነበር። አሁን ግን ምርመራ ከተከፈተ በኋላ ሲመጣ ሌላ መደበቅ ሆነ። ውሉ ላይ "ዕውቀት አቅራቢ" ተብሎ የፈረመው ባልየው ነው፤ ዕውቀት ግን አልነበረውም ማለት ነው። ስለ እጁ ትንሽ የሚጠራጠሩ ነበሩ፤ ስለ ሚስትየዋ የጻፍሽው ሲመጣ መጠራጠራቸውን ተዉት። ኪሳራው ወደ እሱ ዞሯል። ቆዳውን እናነሳለን፤ የጎደለውን የስፌት መኪኖቹና የፊት ለፊቱ ሁለት ክፍል ይሸፍኑታል። የጓሮዋ ክፍል ትቀርላቸዋለች፤ እሷ እንድትቀር የተሟገትኩት እኔ ነኝ።

ክፍላችን አልተዘጋም። ኃላፊ አድርገውኛል። እናታችን በሕይወት ብትኖር ኖሮ ምን ትል ይሆን እያልኩ ነው።

አሁን ስለ አንቺ። አለቃዬ ደብዳቤዎችሽን ካነበበ በኋላ "ይህች ሴት ከሁለት አጣሪ ትበልጣለች" ብሏል። የሰፈር ወሬ የምትዪው እኛ ዘንድ ዕውቀት ነው፤ እስካሁን በነጻ ስትበትኚው ኖረሻል። እናንተ መንገድ ላይ ከእኛ ጋር የሚሠሩ ሌሎች ሦስት አሉ፤ ፍራሽ ሠሪው፣ የብረት በር የሚሠራው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ። በየወሩ እንደወትሮሽ ጻፊልኝ፤ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ። ወር በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይደርስሻል። ይህን የማደርገው መርፌ እንድትተዪ ብዬ ነው።

መነጽሩን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጊው፣ ይጫጫራል።

ሚጡሽ


የካቲት 18 ቀን

ለሚጡዬ፤

ስለ ፍራሽ ሠሪው ደረት ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። ሳል የለበትም። ጥጥ ሲያፍታታ የሚያስለው ጥጡ ነው እንጂ እሱ አይደለም። የበር ሠሪው ዓይን እንደ ንስር ነው፤ እሳት እያየ አርባ ዓመት ቢኖር ምንም አይሆን። ዳቦ ጋጋሪዋ ነፍሰ ጡር አይደለችም፣ ወፍራ ነው። ከባሏም አልተጣላችም፤ በር ላይ የሚጮሁት ተዋደው ነው። ከጥር ወዲህ እዚህ መንገድ ላይ የታመመ ሰው የለም። ሁሉም እንደ ብረት ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ የታመምኩ፣ እኔ ደግሞ ከባንክ ጋር ሽርክና የለኝም።

የላክሽው ደርሶኛል። አልነካውም ብዬ የሻይ ቅጠል ጣሳ ውስጥ ከተትኩት። ዘይት ሲያልቅ ነካሁት።

ቆዳው የወጣው ማክሰኞ ነው። አላየሁም፤ መስኮቴን ዘግቼ ገበር ስተረትር ነበር። ሲጫን ድምፁን ሰማሁ፤ ወንዶቹ ሲቆጥሩ፣ የመኪናው መዝጊያ ሲመታ። ይኸው የሰማሁትን ሰማሁ ማለት ተምሬያለሁ። የስፌት መኪኖቹ ከቦታቸው አልተነሱም፤ ባለቤታቸው ነው የተነሳው። በሳምንቱ አዲስ ሸሪክ አመጣችሁ፣ ከሌላ ከተማ፤ ቆዳን ከላስቲክ አይለይም ይሉታል። ያ የወጣው ቆዳ በዚያው መኪና ተመልሶ ገባ። ሚስትየዋን ጠርተው በቀን ሂሳብ ቢላዋ ሰጧት፤ የራሷን ቢላዋ ማለቴ ነው። መጋረጃው ወርዷል፣ አሁን የምትደብቀው ነገር የለም። ገዢውንም ባንኩ ራሱ አምጥቶለታል፤ የመጀመሪያው መቶ ቦርሳ በሦስት ቀን አለቀ። አለቃሽ እውነቱን ነው። ዕውቀቱ ተገኘ፣ ገንዘቡ ተነስቶ ዞረ። የእኔም ገበር እጥፍ ሆኗል፤ አንድም አልተመለሰብኝም፣ ሚስትየዋ አሁን ስፌቱን አታይም። ሳስረክባት ተቀብላ ታስቀምጣለች።

ባልየው ጓሮ በር ላይ ይቀመጣል። እሷ ለምሳ ስትወጣ ቁርጥራጭ ቆዳ በኪሷ ይዛለት ትመጣለች፤ እጁ ሥራ እንዳይፈታ እሱን ሲያሽ ይውላል። ልጅቷ አሁንም ሥራ አላገኘችም፤ ምስክር ወረቀቷን ግን ከፕላስቲኩ አውጥታዋለች።

ትናንት ከቀትር በኋላ ባልና ሚስቱ አንድ ላይ ወደ እኔ መጡ። ባልየው ወንበሩን ተሸክሟል፣ አንካሳውን። መሬት ላይ ሲያሳርፈው ወንበሩ ዘመመ። ተቀመጥ አልኩት፣ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ አሁን ከእኔ አይደብቀውም።

"እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አለኝ።

"ምን አድርገኸኝ?" አልኩት።

"ጠርጥሬሽ ነበር። ባንኩ ውስጥ እህት ያላት አንቺ ብቻ ነሽ። ወሬም ትወጃለሽ፣ አትቀየሚኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታሽን በግማሽ አፍ ነው የመለስኩልሽ።"

"እኔ ደግሞ ጥርስህን አሞህ መስሎኝ" አልኩት። ሳቀ፤ እንዴት እንዳሳቅኩት አላውቅም፣ አመሌ ነው።

ሚስቱ ቀበል አድርጋ፣ "እኔ ነኝ ያረምኩት" አለች። "ስማ አንተ ሰውዬ፣ ምስክሩ ሐምሌ ሃያ ሁለት በዓይኔ አየሁ ነው የሚለው አልኩት። ሐምሌ ሃያ ሁለት እትዬ የት ነበረች? ቁልፏን ለእኔ ትታ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ሁለቱን ዓይኗን አሽገውት ሦስት ቀን ተኝታለች። እኔ አይደለሁ እንዴ አበቦቿን ውሃ ሳጠጣ የነበርኩት? ዓይኗ የታሸገ ሰው ሚስማር ያያል ወይ አልኩት።"

ሚጡዬ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስታወስኩም። እሷ ስትናገር ነው ፋሻው ዓይኔ ላይ የመጣው። ያንቺ ቤት የሳሎን ሶፋ፣ ጎኔ ላይ የሚወጋኝ ሽቦ፤ አንቺ ሾርባ በማንኪያ እያቀረብሽልኝ "አፍሽን ክፈቺ፣ ትኩስ ነው" ስትዪኝ። ሦስቱን ቀን ከቢሮሽ ቀርተሽ ነው ያጎረስሽኝ። ሐምሌ ሃያ ሁለት ብዬ ስጽፍልሽ እኔ ረስቼው ነው፤ እኔ ትናንት የበላሁትም ይጠፋብኛል። አንቺ ግን አንድም ነገር ረስተሽ አታውቂም። የጅቡን ዕድሜ የምትጠይቂ ልጅ ነሽ። ይህን አልጠይቅሽም። መልሱንም በጽሑፍ እንዳትልኪልኝ፤ ወረቀት ነው፣ መዝገብ ይገባል።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።

እጄን ሊስም ጎንበስ አለ፣ ከለከልኩት። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ይቺ አንቺ ጋ ትሁን" አለኝ፤ "ዕቃውን ሲመዘግቡ ሳይጽፏት የቀረች እሷ ብቻ ናት። አንቺ ደግሞ ካርቶን ማጠፍ ታውቂበታለሽ።"

ሊሄዱ ሲነሱ መሐል ቤቴ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ። ግራው ጸጥ ብሏል፣ ቀኙ ይንቀጠቀጣል። "ያላየውን አየሁ ብሎ ወላሂ ያለብኝን ሰው አላህ ዓይኑን ያጥፋው" አለ። ሚስቱ አሚን አለች። ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺም በዪ እንጂ እትዬ" አለችኝ። መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጠረግኩትና አሚን አልኩ።

በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ሚስትየዋ ዞር አለች። "ለእህትሽ ስትጽፊ ሰላም በዪልን፤ እሷ እዚያ ባትኖርልን ኖሮ የጓሮዋም ክፍል አትቀርልንም ነበር አሉ" አለችኝ። "እርግማኑንም ጻፊላትና አሚን ትበልልን፤ የሦስት ሰው አሚን መሬት አይወድቅም።"